አስተማሪ ሁን ቢሉት እምቢ ያለው ሰው



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ መምህርነት ክብር ያልተጻፈ ነገር የለም። አብዛኛው ጽሑፍ "መምህር እንደ ሻማ ነው" ብሎ ይጀምርና ሻማው ቀልጦ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። አንባቢውም ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። የምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ሲቆም ግን፣ "ነጥብ አጥሮኝ ነው እንጂ እኔ እዚህ ምን እሠራ ነበር!" ይላል። ይህን አባባል ሰምቼ አላውቅም የሚል ሠልጣኝ ካለ፣ ሰልፉ ላይ ጆሮውን ይዞ አልቆመም ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ ዛሬ ሻማውን ትቼ ስለ አንድ እንግሊዛዊ ጸሐፌ ተውኔትና የፊልም ድርሰት ጸሐፊ ላውጋችሁ። ስሙ ሮበርት ቦልት ይባላል። በዓለም የሚታወቀው በታላላቅ ፊልሞቹ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት የቆመ አስተማሪ ነበር። እኔን የሚያከራክረኝ ደግሞ ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው ማስተማሩን ትቶ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ወጣት አስተማሪ እንዲሆን ተለምኖ እምቢ የሚልበትን ትዕይንት ለመድረክ አበቃ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ በትዕይንቱ እንጀምር። ተውኔቱ በእንግሊዝኛ "ኤ ማን ፎር ኦል ሲዝንስ" ይባላል፤ "የዘመን ሁሉ ሰው" ብንለው ብዙ አንሳሳትም። ለንደን ላይ በግሎብ ቴአትር የታየው በ1960 ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ለማግባት ሲል ከሮማው ሊቀ ጳጳስ ጋር ይጣላል፤ ሹማምንቱም የንጉሡን አዲስ ጋብቻና ሥልጣን ተቀብለው እንዲምሉ ይታዘዛሉ። ሁሉም ሲምል፣ ሎርድ ቻንስለር የሚባለውን ከፍተኛ የፍርድ ሹመት ይዞ የነበረው ቶማስ ሞር አልምልም ይላል። ለምን እንደማይምልም አይናገርም፤ ዝም ይላል። በ1535 አንገቱ ተቀላ። ታሪኩ በአጭሩ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ቦልት ተውኔቱን በንጉሡ አልከፈተውም። የከፈተው በሞር ቤት፣ ሪቻርድ ሪች በሚባል ሥራ ፈላጊ ወጣት ነው። ሪች የተማረ ነው፤ ድሃ ነው፤ ሹመት አምሮታል። ገና ሲገባ የሚከራከረው እያንዳንዱ ሰው የሚሸጥበት ዋጋ አለው እያለ ነው። ሞር ክርክሩን ሰምቶ ካበቃ በኋላ ሥራ እንዳገኘለት ይነግረዋል። የሪች ዓይን ይበራል። ሥራው ምንድን ነው? አስተማሪነት! መኖሪያ ቤት አለው፣ አሽከር አለው፣ በዓመት 50 ፓውንድ ደመወዝ አለው። የሪች ፊት ወዲያው ይጠቁራል።

ልብ በሉ፤ ልጁ ደመወዙ አነሰኝ አላለም። ቅሬታው ሌላ ነው። ጎበዝ አስተማሪ ቢወጣው እንኳ ጉብዝናውን የሚያይለት ሰው የለም ብሎ ነው የሚፈራው። ሞር የሚሰጠውን መልስ እዚህ አልገለብጠውም፤ ተውኔቱን ስታነቡ ታገኙታላችሁ። መንፈሱ ግን፣ የመምህርን ሥራ የሚያዩ ዓይኖች ቁጥራቸው ቢያንስም የሚናቁ አይደሉም የሚል ነው። ሪች አልተዋጠለትም። እንግዲህ ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ የምንሰማው ቃል 400 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ በአንድ የለንደን መድረክ ላይ ተነገረ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። ሞር በዚያው ሰሞን ለሪች አንድ የብር ዋንጫ ይሰጠዋል። ዋንጫው ባለ ጉዳይ ለሞር ያመጣችው ስጦታ ነው፤ ሞር ጉቦ መሆኑን ሲረዳ ከቤቱ ሊያስወጣው ፈልጎ ነው ለልጁ የሚሰጠው። ሪች ዋንጫውን ይሸጥና ደኅና ልብስ ይገዛበታል። በልብሱ ወደ ንጉሡ አማካሪ ወደ ቶማስ ክሮምዌል ይጠጋል። ክሮምዌል በትንሽ ሹመት ይጀምርለትና ስለ ወዳጁ የሚያውቀውን እንዲነግረው ያደርገዋል። በመጨረሻም በፍርድ ቤት ቆሞ በሞር ላይ በሐሰት የሚመሰክረው ይኸው ሪች ነው። ለምስክርነቱ የተከፈለው በአንገቱ ያጠለቀው የሹመት ሰንሰለት ነው፤ የዌልስ ዐቃቤ ሕግ ሆኗል። አስተማሪ ሁን የተባለው ልጅ!

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ቀልድ ልጨምር። እውነተኛው ሪቻርድ ሪች ቦልት የፈጠረው ሰው አይደለም። በታሪክ የነበረ፣ ኋላም ራሱ ሎርድ ቻንስለር ለመሆን የበቃ፣ በአልጋው ላይ የሞተ ሰው ነው። ይኸው ሰው በ1564 ኤሴክስ ውስጥ ፌልስቴድ የሚባል ትምህርት ቤት አቋቋመ። በተውኔቱ ውስጥ መምህርነትን የናቀው ሰው፣ በታሪክ መምህራን የሚቀጥር ሆኖ አረፈ። እንዲህ ያለውን ነገር ደራሲ ቢፈጥረው "አበዛው" እንለው ነበር።

አሁን ወደ ቦልት ራሱ እንምጣ። በ1924 ማንቸስተር አጠገብ ሴል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የቤት ዕቃ የሚሸጡ ባለ ሱቅ፣ እናቱ የሕፃናት አስተማሪ ነበሩ። እሱ በተማሪነቱ የሚመሰገን አልነበረም፤ (ይህን ለሚያጽናናው ሠልጣኝ ይጽናናበት!) ከትምህርት ቤት ሲወጣ በአንድ የመድን ኩባንያ ቢሮ ተቀጠረ፤ ሥራውንም አጥብቆ ጠላው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ጦርነቱ አቋረጠው፤ በአየር ኃይልና በምድር ጦር አገልግሎ፣ ምዕራብ አፍሪካም ደርሶ ተመለሰ። በ1949 ከማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ተመረቀ፤ በ1950 ደግሞ ኤክሰተር ላይ የማስተማር ዲፕሎማውን ያዘ። ማለትም የማስተማር ልምምድ የሚባለውን ጭንቀት እሱም ቀምሶታል።

የመጀመሪያ ምድቡ ዴቨን ውስጥ ቢሾፕስቴይንተን የምትባል መንደር ነበረች። እዚያ ነው ነገሩ የተለወጠው። ለገና በዓል የትምህርት ቤቱ ሕፃናት የሚጫወቱት ቴአትር እንዲያዘጋጅ ተጠየቀ፤ ራሱም ጻፈው። ሲጽፍ ደግሞ የሚፈልገው ሥራ ይህ መሆኑ ገባው። ኦስካር የተሸለመባቸው ድርሰቶች፣ በምድረ በዳ በግመል የሚጋለቡት ትዕይንቶች፣ ሁሉም የሚጀምሩት ከዚያች የሕፃናት ጨዋታ ነው። ከመንደሪቱ ወጥቶ ከ1952 እስከ 1958 ሚልፊልድ በሚባለው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተማረ። ቀን ያስተምራል፣ የተማሪ ደብተር ያርማል፣ በተረፈው ጊዜ ለቢቢሲ የሬዲዮ ድራማ ይጽፋል። "የዘመን ሁሉ ሰው" ራሱ መጀመሪያ በ1954 የተሰማው በሬዲዮ ነው፤ በ1957 በቴሌቪዥን ታየ፤ ለመድረክ የበቃው ከዚያ በኋላ ነው። ስድስት ዓመት የታሸ ሥራ ነው እንግዲህ። አንድ ጊዜ ጽፎ "አለቀ" ለሚል የቋንቋ ክበባችን ባለቅኔ ሁሉ ይህን እነግረዋለሁ።

በ1957 "ፍላወሪንግ ቼሪ" የተባለ ተውኔቱ በለንደኑ ሄይማርኬት ቴአትር ታየ። መሪ ተዋናዩ ታላቁ ራልፍ ሪቻርድሰን ነበር። ታሪኩ ስለ አንድ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሥራዬን ትቼ የፖም እርሻ እገዛለሁ እያለ ያወራል፤ ሚስቱ መንገዱን ስትከፍትለት ግን ወደ ኋላ ይላል። የሚወደው እርሻውን ሳይሆን ወሬውን ኖሯል። እንዲህ ያለ ሰው በየመምህራን ማረፊያ ክፍሉ አይጠፋም፤ ይህን ስል ማንንም አላየሁም። ተውኔቱ ተሳካለት፤ ቦልትም በ1958 ማስተማሩን ተወ።

ታዲያ፣ "ራሱ ጥሎ የሄደውን ሙያ ለሪች እንዴት ይመክራል? ራሱ ሪች አይደለም ወይ?" የሚል ይኖራል። ባለፈው ጊዜ ይህን ተውኔት ከጥቂት ሠልጣኞች ጋር ሳነብ የተነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን አይደለም ባይ ነኝ። የሪች ጥፋት አስተማሪ አለመሆኑ አይደለም። ሁሉ ሰው አስተማሪ ይሁን ቢባል ዳቦውን ማን ይጋግራል? የሪች ጥፋት የማይሸጠው ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቅ ገበያ መውጣቱ ነው። ቦልት ሰሌዳውን ትቶ ወደ መድረክ ሲሄድ የሸጠው ሰው አልነበረም።

በሌላ በኩል ይህን ትዕይንት እየጠቀሱ "እነሆ፣ ቅዱሱ ሰው መምህርነትን አከበረ" ከሚሉትም ጋር አልስማማም። ትዕይንቱን ደግማችሁ አንብቡት። ሞር ለሪች ማስተማርን የሚመርጥለት ልጁ ደካማ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ቤተ መንግሥት ጉቦ አለ፤ ዋንጫ አለ፤ ፈተናው የማይደርስበት ቦታ ሂድ ነው ነገሩ። እዚህ ላይ ሞር ስለ አስተማሪ ሥራ ጠንቅቆ አያውቅም እላለሁ። ለመሆኑ ከፈተና የራቀ ክፍል የት ነው ያለው? የውጤት መዝገብ በእጁ ያለ ሰው እኮ ትንሽ ዳኛ ነው። የአለቃ ልጅ ይወድቅና ነጥቡን እንድታነሣለት በወዳጅ በኩል ይነገርሃል። ወላጅ ዶሮ ይዞ ይመጣል፤ ዶሮዋን መመለስ ነውር ይመስላል፤ መቀበልም ነገ ስሙን ስትጠራ ድምፅህን ይለውጠዋል። ያልመጣውን ተማሪ መጥቷል ብለህ ስሙ ላይ ምልክት አድርግ ትባላለህ። የብር ዋንጫ አይሁን እንጂ ዋንጫው ይመጣል። ቦልት ስምንት ዓመት ገደማ ያስተማረ ሰው ስለሆነ ይህን ሳያውቀው አይቀርም፤ ለሞር ግን አላስነገረውም። እናንተ ገጠር ስትመደቡ የምታገኙትን ፈተና ከተውኔቱ ውስጥ ሳይሆን ከተውኔቱ ጎን ፈልጉት።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይኸውም ፊርማ ነው።

በ1960 የቦልት ሌላ ተውኔት፣ "ነብሩና ፈረሱ" የሚባለው፣ እዚያው ለንደን ታየ። በዚህኛው ደግሞ የአንድ የዩኒቨርሲቲ ሹም ቤተሰብ የአቶሚክ ቦምብን የሚቃወም ማመልከቻ ላይ ልፈርም አልፈርም እያለ ይታመሳል። እንግዲህ በአንድ ዓመት ሁለት ተውኔት፤ አንዱ አልፈርምም ስላለ ሰው፣ ሌላው ለመፈረም ስለሚያስፈልግ ድፍረት። ቦልት ራሱ በዚያ ዘመን የአቶሚክ መሣሪያን ከሚቃወመው የመቶዎቹ ኮሚቴ አባላት አንዱ ነበር። የኮሚቴው መሪ በዕድሜ ጠገቡ ፈላስፋ በርትራንድ ራስል ነበሩ። በሴፕቴምበር 1961 ኮሚቴው ታላቅ የመቀመጥ ሰልፍ ሲያዘጋጅ ፖሊስ አስቀድሞ አባላቱን ፍርድ ቤት አቀረባቸው። "ከእንዲህ ያለው ድርጊት እንቆጠባለን ብላችሁ ፈርሙና ሂዱ" ተባሉ። ቦልት አልፈርምም አለ፤ የአንድ ወር እስራት ተፈረደበት። ራስል በ89 ዓመታቸው ታሰሩ። ጸሐፌ ተውኔቱ አርኖልድ ዌስከርም አብሮ ታሰረ።

እስከዚህ ድረስ ሰውየው የራሱን ተውኔት እየኖረ ነው። ግን በዚያው ጊዜ "ሎረንስ ኦፍ አረቢያ" የተባለው ግዙፍ ፊልም በዮርዳኖስ በረሃ እየተነሣ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊን፣ ፕሮዲዩሰሩ ሳም ስፒግል፣ የፊልሙ ድርሰት ጸሐፊ ደግሞ ቦልት። ድርሰቱ አላለቀም። ጸሐፊው እስር ቤት ነው። ስፒግል እስር ቤት ድረስ መጥቶ እንዲፈርም ጎተጎተው። ቦልት ሁለት ሳምንት ታስሮ ፈረመና ወጣ።

ስለ አንገቱ እንኳ ሳይሳሳ አልምልም ያለውን ሰው በመድረክ ያቆመው ደራሲ፣ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ፈረመ። ኋላ እጅግ ተጸጸተ፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላም ከስፒግል ጋር ዳግመኛ አልተነጋገረም ይባላል።

አንዳንድ መምህራን ተውኔቱን ሲያስተምሩ ይህን ታሪክ ይዘሉታል። ደራሲውን ያዋርዳል፣ የተውኔቱን ክብር ይቀንሳል ብለው ነው። እኔ ደግሞ ይህን መዝለል ተማሪውን ማታለል ነው እላለሁ። ቦልት በመድረክ ያሳየን ሞርን ብቻ ሳይሆን በሞር ዙሪያ ያሉትን፣ ልጆች ስላሉት የሚምለውን፣ ሥራውን ስለሚወድ የሚምለውን፣ ወዳጁን እየወደደ የሚምለውን ሁሉ ነው። ከሞር በቀር ሁሉም ይምላል። ቦልት በ1961 የገባው ከእነዚህ ተርታ ነው። ተውኔቱን በጻፈ ጊዜ እነሱን ያለ ጥላቻ የሳላቸው ከእነሱ ብዙም እንደማይርቅ ስለሚያውቅ ይመስለኛል። ተማሪ ይህን ካልሰማ "ጸሐፊው ቅዱስ ነበረ፣ ገጸ ባሕርዩም ቅዱስ ነው፣ እኔ ግን ሰው ነኝ" ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ያኔ ትምህርቱ ከሸፈ።

በዚያው ፊልም ላይ ሌላም የሚነገር አለ። ከቦልት በፊት የ"ሎረንስ ኦፍ አረቢያ"ን ድርሰት የጻፈው ማይክል ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ይህ ሰው በ1951 በአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለ ፖለቲካ አቋሙ ሲጠየቅ አልመልስም በማለቱ በሆሊዉድ ጥቁር መዝገብ ገብቶ ነበር። የታሪኩን አጽም በብዛት ያቆመው እሱ፣ ንግግሩን የጻፈው ቦልት ነው፤ በ1962 ፊልሙ ሲወጣ ግን የተጻፈው የቦልት ስም ብቻ ነበር። የአሜሪካ ደራስያን ማኅበር የዊልሰንን ስም የመለሰው በ1995 ነው፤ ዊልሰን በ1978 ሞቷል። በዝምታው ምክንያት የተቀጣ ሰው ስሙ ሲጠፋ፣ ስለ ዝምታ የጻፈው ሰው ስሙ ብቻውን መቆሙን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ይህንንም ለተማሪ ንገሩ ባይ ነኝ። ፊልሙ ግን ሰባት ኦስካር አገኘ፤ ጥሩ ፊልም ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ቶማስ ሞርም ቢሆን በተውኔቱ እንዳለው ብቻ አልነበረም። እውነተኛው ሞር ከ1529 እስከ 1532 ቻንስለር በነበረበት ጊዜ ስድስት ሰዎች በመናፍቅነት ተፈርዶባቸው ተቃጥለዋል፤ እሱም ይህን አጥብቆ ደግፏል። የራሱን ኅሊና እንዲህ የጠበቀ ሰው የሌላውን ኅሊና በእሳት ቀጥቷል ማለት ነው። ቦልት ይህን ትቶታል። ራሱ ሃይማኖተኛ አልነበረም፤ ሞርን የወደደው ስለ እምነቱ ሳይሆን ራሱን አሳልፎ ስላልሰጠ ነው፤ በመቅድሙም ይህን ሳይሸሽግ ጽፏል። ሂለሪ ማንቴል በ2009 ባወጣችው "ዎልፍ ሆል" በተባለው ልብ ወለድ ደግሞ ክሮምዌልን ሰው፣ ሞርን ጨካኝ አድርጋ ቀርባለች። ሁለቱን አብሮ የሚያነብ የታሪክ መምህር ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ክርክር ያገኛል።

ስለ ፊልሞቹ በአጭሩ ልለፍ፤ ብዙ የተወራላቸው ናቸው። በ1965 "ዶክተር ዢቫጎ"፣ በ1966 ደግሞ የራሱ ተውኔት በፍሬድ ዚነማን ዳይሬክተርነት ፊልም ሆኖ ወጣ፤ ቦልት በሁለቱም የድርሰት ኦስካር ተሸለመ። በ"የዘመን ሁሉ ሰው" ፊልም ሞርን የተጫወተው በመድረክም የተጫወተው ፖል ስኮፊልድ ነው፤ እሱም ኦስካር አገኘ። ፊልሙ በጠቅላላው ስድስት ወሰደ። ግን አንድ ትልቅ ነገር ጎድሎታል፤ ተራው ሰው!

በመድረኩ ተውኔት ውስጥ "ተራው ሰው" የሚባል ገጸ ባሕርይ አለ። አንድ ተዋናይ ነው፤ በመድረኩ ላይ ካለ ቅርጫት ልብስና ቆብ እያወጣ አንዴ የሞር አሽከር፣ አንዴ ጀልባ ቀዛፊ፣ አንዴ የመጠጥ ቤት ባለቤት፣ አንዴ የወኅኒ ጠባቂ፣ አንዴ የዳኞች ሸንጎ አለቃ፣ በመጨረሻም አንገት ቀይ ይሆናል። በየመካከሉ ወደ ተመልካቹ ዞር ብሎ ያጫውታል። ክፉ አይደለም፤ ሞርንም ይወደዋል፤ ግን ልጅ አለው፣ ደመወዝ አለው፣ ትእዛዝ አለው። ደግነቱ ሁሉ እንደተጠበቀ፣ ሳይጠላው መጥረቢያውን ያነሣበታል። በፊልሙ ይህ ሰው የለም። ፊልም እውነተኛ ጀልባና እውነተኛ ወንዝ ማሳየት ስለሚችል፣ ቆብ እየለወጠ ከተመልካች ጋር የሚያወጋ ሰው እንግዳ ሆኖበት ይመስለኛል። ለእኔ ግን ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ተውኔቱን ግማሽ ነው ያየው። ፊልሙ ስለ ታላቅ ሰው ነው፤ ተውኔቱ ስለ እኛም ነው።

እዚህ ላይ የአስተማሪው እጅ ይታየኛል። ጥሩ አስተማሪ ትምህርቱን ሲያስረዳ መሐል ላይ ያቆምና፣ "አንተ፣ እዚያ ጥግ ያለኸው፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" ይላል። ተራው ሰው ይህን ነው የሚሠራው። ቦልት የሕግንና የመሐላን ነገር፣ ለጠበቃ እንኳ የሚከብደውን፣ ማንም ሰው ተከትሎ እንዲረዳው አድርጎ ማቅረቡም ከዚያው ከክፍል የመጣ ችሎታ ነው። ስምንት ዓመት የማይገባቸውን ልጆች ዓይን ያየ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው። ከሰሌዳው ወጣ እንጂ ሰሌዳው ከእሱ አልወጣም።

በ1979 በስትሮክ ሳቢያ የሰውነቱ ክፍል ሽባ ሆነ፤ አንደበቱም ተዘጋ። ቃል መተዳደሪያው የሆነ ሰው ቃል አጣ። እንደ ሕፃን ከፊደል ጀምሮ መናገር ተማረ፤ በመማርም ላይ ሳለ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1984 "ዘ ባውንቲ"፣ በ1986 ደግሞ በደቡብ አሜሪካ ስለነበሩ የኢየሱሳውያን ሚሲዮን ሰፈሮች የሚተርከው "ዘ ሚሽን" ወጣ፤ ይህ ሁለተኛው በካን የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አገኘ። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን ብዙም የማይወራለት በ1991 የጻፈው የቴሌቪዥን ፊልም ነው። በ1981 በፕሬዚዳንት ሬገን ላይ በተተኮሰ ጊዜ ጭንቅላቱን ስለተመታው ስለ ጄምስ ብሬዲ ነው። ብሬዲም እንደ ቦልት እንደገና መናገር መማር የነበረበት ሰው ነበር። ቦልት በዚህ ፊልም ሰው አንድ ቃል ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደሚወድቅ ከራሱ ሕይወት አውቆ ጻፈ። አንደኛ ክፍል የምታስተምሩ ሁሉ፣ "ሀ" ለማለት ከንፈሩ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ፊት ስትቆሙ ይህን ሰው አስቡት። ቦልት በፌብሩዋሪ 1995 ሞተ።

አሁን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የቴአትር ክበባችን በዚህ መንፈቅ ምን እናሳይ እያለ ይጨነቃል። ሁልጊዜ ባለ ብዙ ሰው፣ ባለ ብዙ ልብስ ተውኔት እየመረጠ ሳይጨርስ ፈተና ይደርስበታል። የዚህን ተውኔት የመጀመሪያ ትዕይንት ብቻ ወደ አማርኛ መልሶ ያሳይ። የቋንቋ ክፍል መምህራን ትርጉሙን ሊያርሙ ፈቃደኞች እንደሚሆኑ እተማመናለሁ። ሁለት ሦስት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ከዚያ ተመልካቹ እዚያው ይወያይ።

ታዲያ አደራ፣ ሪችን የሚጫወተው ከመካከላችን ፊቱ የሚያስፈራው ልጅ አይሁን። ቆንጆ ንግግር ያለው፣ በትምህርቱም የሚመሰገን፣ ሁላችንም የምንወደው ሠልጣኝ ይሁን፤ ሴት ሠልጣኝ ብትጫወተውም ምንም አይጎድልበትም። ሞርን ደግሞ ከመምህራን አንዱ ቢጫወቱት፣ ልጁን አስተማሪ ሁን እያሉ ሲለምኑት አዳራሹ ውስጥ ማን እንደሚስቅና ማን ዝም እንደሚል እናያለን። የብር ዋንጫ ከየት ይመጣል እንዳትሉኝ፤ የምግብ ቤቱ የሻይ ኩባያ ይሆናል።